አቤት ለማይሉ ፍጡራን ያለብን ዕዳ



በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 ውስጥ፣ ስለ ሐሰት ምስክርነትና ስለ ጉቦ በተጻፉ ሕጎች መካከል፣ ጭነት ከብዷት የወደቀች አንዲት አህያ እናገኛለን። ባለቤቷ አንተን የሚጠላህ ሰው ነው። ሕጉ አይተህ እንዳላየህ ማለፍን ይከለክልሃል፤ ከባለቤቷ ጋር ተጋግዘህ እንድታነሣት ያዝዝሃል።

ይህን ሕግ ቀስ ብለን እናስበው። ከሰውየው ጋር ምናልባት በድንበር ተካሳችኋል። ምናልባት ከአባቶቻችሁ ዘመን የመጣ ቂም አለ። ሰላምታ አትለዋወጡም። ዛሬ ግን አህያው በአፍንጫዋ ተደፍታለች፣ ጭነቱ ወደ አንገቷ ተንሸራቷል፣ እሱም ከአንድ ወገን ቀና ሲያደርገው ከሌላው ወገን ይጫናታል። አህያ የጫነ ሰው ያውቀዋል፤ ጭነት ግራና ቀኝ የሚይዝ ሁለት ሰው ይፈልጋል። እንግዲህ ሕጉ ከባላጋራህ ጋር ፊት ለፊት ያቆምሃል። ጠባችሁ ሽማግሌ እስኪገባበት ሊቆይ ይችላል፤ አህያዋ ግን እስከዚያ መቆየት አትችልም። በጠባችሁም ውስጥ እጇ የለበትም።

ሕጉ የተጻፈበትንም ቦታ ልብ በሉ። የተቀመጠው ከዳኝነት ሕጎች ጋር ነው። ለእንስሳ ማዘን ደግ ሰው ሲመቸው የሚጨምረው ትርፍ በጎነት ቢሆን ኖሮ እዚያ መካከል ቦታ አይኖረውም ነበር። እንደ እውነተኛ ምስክርነትና እንደ ቀጥተኛ ፍርድ የምንጠየቅበት ዕዳ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የመጣሁትም ይህንኑ ነው።

በሙያዬ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ያደግሁት ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። እነዚህ ሁለት ቤቶች ሲነጋገሩ ብዙ አላየሁም። ክሊኒክ የሚመጣ ባለ ጋሪ ስለ ፈረሱ ቁስል ስነግረው እንደ ገንዘብ ጉዳይ ይሰማዋል፤ የንስሐ ጉዳይ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያስብ ብዙ የለም። በዐውደ ምሕረትም ስለ ባልንጀራ፣ ስለ ወላጅ፣ ስለ ጾም ሲሰበክ ሰምቻለሁ፤ ስለ ጭነት አህያ የተሰበከበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

በሄድሁበት ሁሉ የሚቀርብልኝን አንድ ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ። «ሰው በሚራብበትና በሚፈናቀልበት ዘመን ስለ ውሻና ስለ አህያ መናገር ተገቢ ነው ወይ?» ይሉኛል። ጥያቄው ከቅንነት የመጣ ነው። የተራበ ሕፃን ያየ ሰው ሌላ ነገር ማሰብ ቢያቅተው አልፈርድበትም። መልሴን ግን ከነነዌ እወስዳለሁ። ያቺን ከተማ በየዓመቱ በሦስት ቀን ጾም እናስባታለን። ንጉሧ ጾም ሲያውጅ ሰውንም ከብትንም ነበር ያዘዘው። በመጨረሻም እግዚአብሔር ለከተማይቱ የራራበትን ምክንያት ለዮናስ ሲገልጽለት ከ120,000 የሚበልጡትን ሰዎች ካነሣ በኋላ በውስጧ ያሉትንም ብዙ እንስሳት አብሮ ጠራ። ትንቢተ ዮናስ የሚያበቃው እዚያ ላይ ነው፤ እንስሳቱ ላይ።

ደግሞስ በአገራችን ድሃውን ሰው ከእንስሳው ለይቶ መርዳት እንዴት ይቻላል? ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም በግንባር ቀደምነት የምትጠቀስ አገር ናት። እነዚህ አህዮች ውኃ ከምንጭ፣ እንጨት ከዱር፣ እህል ከወፍጮ ቤት የሚያመላልሱት በአብዛኛው ሌላ አቅም ለሌለው ቤተሰብ ነው። አህያዋ ጀርባዋ ቆስሎ መጫን ያቃታት ዕለት ጀሪካኑ ወደ እናትየዋ ጀርባ ይመለሳል። እናትየዋ ስትደክም ወደ ሴት ልጇ ይተላለፋል፤ ልጅቷም ከትምህርት ገበታ ትቀራለች። የአህያዋን ጀርባ ማከም ልጅቷን ትምህርት ቤት ማቆየት ነው።

ከልጅነታችን ጀምሮ በቃላችን የያዝናቸውን ዐሥርቱ ትእዛዛት እንይ። የሰንበት ትእዛዝ ዕረፍት የሚገባቸውን ሲዘረዝር ልጆችንና አገልጋዮችን ጠርቶ ከብትን ይጨምራል፤ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ሲደገም በሬና አህያ በየስማቸው ተጠርተዋል። የገጠሩ ገበሬያችን ይህን ጠብቆ ኖሯል። በሰንበትና በታላላቅ በዓላት ሞፈርና ቀንበር አይነሣም፣ በሬው ይሰማራል። የበዓላችን መብዛት ሥራ ያስፈታል ተብሎ ብዙ ጊዜ ይነቀፋል። እኔ ግን እነዚያ ቀናት የስንቱን በሬ ትከሻ ከመላጥ እንዳተረፉ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ።

በከተማ ግን ትእዛዙ ተረስቷል። የፈረሱ ባለቤት እሑድ ማለዳ ነጠላውን አጣፍቶ ለቅዳሴ ሲወጣ ጋሪውን ለነጂ አከራይቶ ነው። እሑድ ሠርግ አለ፣ ጥየቃ አለ፣ ተሳፋሪ ይበዛል፤ ለፈረሱ ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ የሚከብደው ያ ቀን ነው። እኛም ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን በዚያው ጋሪ ላይ እንሳፈራለን።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፈረስ አልበላ አለኝ ተብሎ መጣልኝ። ልጓሙ ከፌሮ ብረት ተቆርጦ የተጠማዘዘ ነበር። የከንፈሩን ጥግ በሁለቱም ወገን በልቶታል፤ ምላሱ ላይ አዲስ ቁስል በአሮጌ ጠባሳ ላይ ተደርቧል። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠው ማሰሪያ ባረፈበት ደረቱ ላይ አንድም ፀጉር አልቀረም። ገብስ ስናቀርብለት አፍንጫውን አስጠግቶ ያሸተዋል፣ በከንፈሩ ይነካዋል፣ ከዚያ ራሱን መልሶ ያነሣል። ፈልጎ ነበር፣ ማኘክ ግን አልቻለም። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም። ግንባሩን እየደባበሰ በስሙ ይጠራው ነበር፤ አፉን ግን አንድም ቀን ከፍቶ አይቶት አያውቅም። አብዛኛው ጭካኔያችን እንደዚህ ያለ ነው። ካለማየት ይመጣል፣ በልማድ ይጸናል። ለዚያ ፈረስ የተደረገለት ዋናው ሕክምናም ብረቱን አውጥቶ ከአፍንጫው በላይ በሚታሰር ልስልስ ገመድ መተካት ነበር።

እንስሳት ለምን አይናገሩም? መጽሐፈ ኩፋሌ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ቆጥራ ያቆየችው፣ በምዕራፍ 3 ላይ ስለዚህ ይተርካል። አዳም ከገነት በወጣበት ቀን የአራዊት፣ የእንስሳትና የአዕዋፍ አፍ ተዘጋ፤ ከዚያ በፊት ሁሉም በአንድ አንደበት ይነጋገሩ ነበር። ዝምታቸው እንግዲህ ከእኛ ውድቀት ጋር አብሮ የመጣ ነው።

ያ የተዘጋ አፍ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 አንድ ጊዜ ተከፍቷል። በለዓም በአህያው ተቀምጦ ሲሄድ መልአክ ሰይፉን መዝዞ መንገድ ላይ ቆመበት። ባለ ራእይ የተባለው ሰው አላየውም፤ አህያዋ አየችው። ከመንገድ ወጣች፣ መታት። ወደ ግንቡ ተጠጋች፣ እግሩ ተጣበቀ፣ ደግሞ መታት። መተላለፊያ ስታጣ ተኛች፣ በበትር መታት። አንደበት ሲሰጣት ስለ መልአኩ አንድ ቃል አላወጣችም። ሦስት ጊዜ የተመታችበትን ጥፋት ነው የጠየቀችው። ከዚያም በኖረችበት ዘመን ሁሉ እንዲህ አድርጋው ታውቅ እንደሆነ ራሱን አስመሰከረችው፤ እርሱም አላደረግሽም ብሎ አመነ። የበለዓም ዓይን ሲከፈት ደግሞ መልአኩ በቅድሚያ ያነሣው ያንኑ የአህያዋን አቤቱታ ነበር። ይህን ምዕራፍ ባነበብሁ ቁጥር ክሊኒካችን በር ላይ የሚሰለፉት አህዮች ፊቴ ይደቀናሉ። አፋቸው ቢከፈት የሚሉትን እናውቃለን፤ ተጽፎልናል።

እዚህ ላይ ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። አህያ ሕመሟን ትደብቃለች። ፈረስ ሆዱን ሲቆርጠው ይንከባለላል፣ ያልበዋል፣ ሆዱን ዞሮ ያያል። አህያ ግን ጆሮዋን ጥላ፣ ራሷን አቀርቅራ ዝም ትላለች። ሰው «አህያ አይሰማትም» የሚለው ይህን አይቶ ነው። ይሰማታል። አብዛኛው የአገራችን አህያ ክብደቱ ከ100 ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ እኛ ደግሞ አንድ ኩንታል ሙሉ እንጭናለን። ራሷን የሚያህል ክብደት ተሸክማ ዳገት ትወጣለች ማለት ነው። ከጭነቱ ሥር የሚነጠፈው ድሪቶ ሲሳሳና አንድ ቦታ ላይ ሲጠቀለል የጀርባ አጥንቷን ይፈትጋታል። ወፍራም፣ ደረቅና ንጹሕ ንጣፍ ማድረግ ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚያስቀረው ሥቃይ ግን ብዙ ነው።

«እግዚአብሔር እኮ በእንስሳት ላይ ሾሞናል» የሚል አለ። ሾሞናል፣ እውነት ነው። ንባቡን ግን ከዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ቍጥር 28 ሁለት ቍጥር ዝቅ ብለን እንቀጥለው። ለአራዊቱ፣ ለወፎቹና በምድር ላይ ለሚንቀሳቀሰው ሁሉ ለምለሙን ተክል ምግብ አድርጎ የሰጠው ራሱ ሿሚው ነው። እኛን ሲሾመን የእነርሱንም ቀለብ ቆርጦላቸዋል። ሥጋ መብላት በግልጽ የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ፣ በምዕራፍ 9 ነው። በዚያው ምዕራፍ በቀስተ ደመና ምልክት የጸናው ቃል ኪዳን ከኖኅና ከልጆቹ ጋር ብቻ አልነበረም፤ ከመርከብ ከወጡት ሕያዋን ሁሉ ጋርም ነበር። ከፈጣሪው ጋር ቃል ኪዳን ያለውን ፍጡር እንደ ዕቃ ልንቆጥረው እንዴት እንደፍራለን?

ሙሴም ሹመታችንን በብዙ ቦታ ወሰነው። በሬው በአውድማ ላይ ሲያበራይ አፉ እንዳይሸበብ አዘዘ። በሬና አህያ በአንድ ቀንበር እንዳይጠመዱ አዘዘ፤ ኃይላቸውም እርምጃቸውም አይመጣጠንምና። የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ከለከለ። ቅዱስ ጳውሎስ የአውድማውን በሬ ሕግ ለወንጌል አገልጋዮች ድርሻ እንደጠቀሰው አውቃለሁ፤ አንዳንዶች ሕጉ ስለ በሬ አይደለም ለማለት ያቀርቡታል። እኔ በሌላ መንገድ አየዋለሁ። በሬው ከሚያበራየው ድርሻ ከሌለው ሰባኪውም ከዚያ ሕግ የሚወስደው ድርሻ አይኖርም።

ጌታችንም በሰንበት ስለ ፈወሰ ሲከሰስ መልሱን ከከሳሾቹ በረት ነው የወሰደው። በሰንበት በሬውን ወይም አህያውን ፈትቶ ውኃ የማያጠጣ ከመካከላቸው አልነበረም፤ ጉድጓድ የገባ በግንም ጎትተው ያወጡ ነበር። ይህ መልስ ከሳሾቹን ዝም ያሰኘው ለእንስሳ መድረስ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ግዴታ ስለ ነበረ ነው። ስለ ድንቢጦችም ያስተማረውን አስታውሱ። በማቴዎስ ወንጌል ሁለት ድንቢጦች በአንድ ትንሽ ሳንቲም ይሸጣሉ፤ በሉቃስ ደግሞ አምስት በሁለት ሳንቲም። ሒሳቡን ስትሠሩት አምስተኛዋ ምራቂ ናት። ዋጋ ያልወጣላት ምራቂም በእግዚአብሔር ዘንድ አልተረሳችም።

በሆሳዕና ዘንባባ ይዘን የምናስበው ንጉሥ የገባው በአህያ ተቀምጦ ነው። ይህን ያነሣሁት በቅርብ ጊዜ ታሪካችን ስላለ ነገር ነው። በቻይና ከአህያ ቆዳ የሚቀቀል ባህላዊ መድኃኒት አለ። ለእርሱ የሚፈለገው ቆዳ የአፍሪካን አህዮች ዋጋ አንሮ ቁጥራቸውን መብላት ጀምሮ ነበር። በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. ሕዝቡ ስለ ተቃወመ ተዘጋ። ተቃውሞው በአብዛኛው ከነውር ስሜት የመጣ እንደ ነበር አልክድም፤ ውጤቱ ግን መልካም ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ባደረጉት ጉባኤ አህያን ለቆዳዋ ሲባል ማረድን ለማስቆም ወሰኑ። ውሳኔው በየገጠሩ ይከበር ዘንድ ምእመናንም ልንጠብቀው ይገባናል።

ስለ አባቶቻችን ብዙ መናገር አያስፈልገኝም፤ ሥዕላቸው በየቤታችሁ አለ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዝቋላ ተራራ አንበሶችና ነብሮች ከበዋቸው፣ ከዓይናቸው የምትጠጣ ወፍ ቀርባቸው ይታያሉ። አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ በአንበሳ ተቀምጠው ይሣላሉ። ቅዱስ ያሬድ ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት መምህር የሆነው ዛፍ የሚወጣ ትል ነበር። ማር ይስሐቅም፣ ገዳማውያን መጽሐፉን ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ አድርገው የሚማሩት፣ ርኅሩኅ ልብ ለሰው፣ ለወፍ፣ ለአውሬ፣ ለፍጥረት ሁሉ እንደሚነድ፣ ፍጡር ሲጎዳ መስማትም ማየትም እንደማይችል አስተምሯል። በየደብሩ ዙሪያ የቀረው የዛፍ ክበብም የዚህ ትምህርት ፍሬ ነው። በደቡብ ጎንደር እንደምናየው ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሲሆን ወፎችና ጦጣዎች የሚጠጉት ወደ ቤተ ክርስቲያን ደን ነው፤ ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ስለ እነዚህ ደኖች ያደረጉት ጥናት በዓለም ታውቋል። ጾማችንም አለ። ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከወተት ሲርቅ በገነት ወደ ተሰጠው ምግብ ይመለሳል፤ ልኳንዳ ቤቶችም ይዘጋሉ።

ለእንስሳ መቆርቆር ከምዕራብ የመጣ ዘመን አመጣሽ ነገር የሚመስላቸው አሉ። ምዕራቡ ራሱ የጀመረው በካህን እጅ እንደ ሆነ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1824 ለንደን ውስጥ አንድ ቡና ቤት ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ለእንስሳት የሚቆረቆር ማኅበር መሠረቱ። ጠሪው አርተር ብሩም የሚባል የአንግሊካን ቄስ ነበር። በባሪያ ንግድ ላይ የዘመተው ዊልያም ዊልበርፎርስ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ከብትና ፈረስ አያያዝ ሕግ ያወጣው የፓርላማ አባል ሪቻርድ ማርቲን፣ ሉዊስ ጎምፐርዝ የተባለ አይሁዳዊም ከመሥራቾቹ ነበሩ። ቄሱ ጊዜውን ሁሉ ለዚህ ሥራ ለመስጠት አጥቢያውን ተወ። ማኅበሩ ዕዳ ሲገባ ስለ ዕዳው የታሰረው እርሱ ነው። ማኅበሩ ግን ተርፎ እስከ ዛሬ አለ። ሰውን እንደ ዕቃ መሸጥን የተቃወመ ልብና ለተገረፈ ፈረስ ያዘነ ልብ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መገናኘታቸው አጋጣሚ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ውሻ ልምጣ። መጽሐፍ ቅዱስ ውሻን የሚያነሣው በአብዛኛው በነቀፋ ነው፤ ይህን መሸፈን አልፈልግም። ነገር ግን ጳጉሜን 3 ቀን ቅዱስ ሩፋኤልን ስናከብር የምናስበውን መጽሐፈ ጦቢትን አንብቡ። ጦብያና መልአኩ መንገድ ሲወጡ ውሻው ተከትሏቸዋል፣ ሲመለሱም አብሯቸው ነበር። በባለጠጋው ደጅ የወደቀውን አልዓዛርንም ቀርበው ቁስሉን የላሱት ውሾች ናቸው። «ውሻ ቤት ውስጥ ማሳደር ኃጢአት ነው ወይ?» ብለው ከውጭ አገር ሳይቀር የሚጠይቁኝ አሉ። የሚከለክል ትእዛዝ አላውቅም። ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ የሚደረገው የቦታውን ክብር ለመጠበቅ ነው፤ ይህ ሥርዓት ውሻን በድንጋይ ለመፈንከት ለማንም ፈቃድ አልሰጠም። ውሻውን እያቀማጠለ የቤት ሠራተኛውን የሚያስለቅስ ካለ ደግሞ ከሠራተኛይቱ ዕርቅ ይጀምር።

እኔን የሚያሳስበኝ የግቢው ውሻ ነው። ቡችላ ሆኖ መጥቶ ሰንሰለት ይገባለታል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓለሙ የሰንሰለቱ ርዝመት ናት። ውኃው በዝናብ ይሞላል፣ በፀሐይ ይደርቃል። ሴት ቡችሎች ደግሞ በማዳበሪያ ታስረው ወንዝ ዳር ይጣላሉ። ማሳደግ የማይችል ሰው እናቲቱን ያስመክናት፤ በእንስሳት ክሊኒክ የሚሠራ ሥራ ነው። በየመንደሩ የበዙትን ውሾች በተመረዘ ሥጋ መፍጀትም መፍትሔ አልሆነም። አሟሟቱ እጅግ የከፋ ነው፤ ባዶ የቀረውንም ሰፈር ወዲያው ያልተከተቡ ሌሎች ውሾች ይሞሉታል።

የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መዛመቱን ያቆማል። የውሻ ክትባት እንግዲህ ለልጆቻችንም የሚደረግ ነው፤ በባሌ፣ በሰሜን ተራሮችና በሌሎች ጥቂት ደጋዎች ለቀሩት፣ በሙሉ ከ500 ለማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎችም ጭምር። እነርሱን ደጋግሞ የጨረሳቸው ከሰው ውሾች የሄደባቸው ይኸው በሽታ ነው። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ጠበል መጠመቅ ለምትፈልጉ፣ ተጠመቁ፤ ክትባቱንም በዚያው ቀን ጀምሩ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም፤ ጠበል እወስደዋለሁ ተብሎ ክትባት በዘገየበት ልጅ ቀብር ላይ የቆመ ሰው ይህን ልመናዬን ይረዳዋል።

የበዓል ገበያችንን ሳላነሣ ብወርድ ዋናውን ነገር ትቼ መሄዴ ነው። የፋሲካ ዋዜማ የዶሮ ተራ ሂዱ። ዶሮዎቹ እግራቸው ታስሮ፣ ተዘቅዝቀው፣ በአንድ እጅ አምስት ስድስት ሆነው ይወሰዳሉ። ዶሮ እንደ እኛ ሳንባዋን ከሆድ ዕቃዋ የሚለይ ግድግዳ የላትም፤ ስትዘቀዘቅ የሆድ ዕቃዋ ሁሉ መተንፈሻዋ ላይ ይወርዳል። ምንቃሯን ከፍታ የምታለከልከው ትንፋሽ አጥሯት ነው። በጉ ደግሞ አራት እግሩ ተጠፍሮ ፖርቶመጋላ ላይ ከሻንጣ ጋር ይታሰራል፤ ከሩቅ የመጣ ከሆነ ፀሐይና ንፋስ ሲፈራረቁበት ውሎ ነው። ማረድን አልቃወምም። ለማረድ ቢላዋ ስናነሣ ግን ስመ ሥላሴን እንጠራለን፤ ነፍስ የሰጠውን ጌታ ስም ሳንጠራ ያንን ነፍስ አንወስድም። ታዲያ ያ እንስሳ ስሙ እስኪጠራበት ደቂቃ ድረስ በእጃችን የቆየው እንዴት ነው? ዶሮዋን በቅርጫት ወይም በካርቶን፣ ቀና አድርጋችሁ፣ አየር እንድታገኝ አድርጋችሁ ውሰዱ። በጉን አስነድታችሁ ወይም ቆሞ በሚሄድበት መኪና አምጡት። ቤት ሲደርስ ውኃ ስጡት። ቢላዋው ይሳል፤ አራጁ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ ሌላውም በግ አያይ።

በመጨረሻ የጋሪ ፈረሶች ጉዳይ ነው። ባጃጅ በየከተማው ከገባ ወዲህ የጋሪ ገቢ ወርዷል። እግሩ የተሰበረ ወይም ያረጀ ፈረስ አስፋልት ላይ ይለቀቃል። አካፋይ ላይ ቆሞ የምታዩት እርሱ ነው፤ ቀን መኪና ይገጨዋል፣ ማታ ጅብ ይጀምረዋል። ባለቤቶቹን ጠይቄያለሁ፤ አብዛኛው ሰው «ሥራ ላልሠራ ፈረስ ገለባ የምገዛበት ምን አለኝ?» ነው የሚለኝ። እውነቱን ነው፤ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ባለ ጋሪዎች ማኅበር አላቸው፤ ለሰው ሞት ዕድር እንደምናዋጣ በየሳምንቱ ከአንድ ቀን ገቢ ጥቂት ለፈረሶቹ ይቀመጥ። ሊድን የሚችለው ይታከምበት፤ ያረጀው ገለባ ይገዛበት። የማይድን ሥቃይ ያለበትን ደግሞ ሐኪም በመድኃኒት ያሳርፈው፤ ይህን ማድረግ ኃጢአት ነው ብዬ አላምንም፣ ለጅብ መተው ግን ኃጢአት ነው። እሑድም ቢያንስ ከቅዳሴ እስከ ቀትር ጋሪ አይጠመድ፤ ተሳፋሪው እኛ ነንና በእግራችን እንመለስ። ለጅምሩ ሕክምናውን እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ያለ ክፍያ እንሠራለን። ከማኅበሩም ሆነ ከሰበካ ጉባኤ በኩል ስለዚህ ሐሳብ መነጋገር የሚፈልግ ካለ ከጉባኤው በኋላ እዚሁ እቆያለሁ።